«ሞተሩን አላውቅም» ብለህ ፈርም

አካሉ የድጓ ተማሪ ነበር። ትምህርቱን ትቶ በ1974 ዓ.ም. በጣና ጀልባችን ላይ የሞተር ሠራተኛ ሲሆን፣ እኔ እዚያው ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከዚህችው ጀልባና ከታንኳ በቀር ከዘጌ በሽተኛ ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሌላ ነገር አልነበረም።

ሞተሩ አርጅቶ እየደጋገመ ይቆም ጀመር። አካሉ የጥገና መጽሐፉን እንዲልኩለት ለአምራቹ ኩባንያ አስጻፈ። መልስ መጣ፦ «ይህን ሞተር መሥራትም መጠገንም ትተናል። መጽሐፉ የኩባንያው ምስጢር ስለሆነ አይሰጥም። አዲስ ይግዙ።» ራሳቸው አይጠግኑት፣ ሌላውን አያስጠግኑት። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

አካሉ ተነሥቶ አዲስ አበባ ወኪላቸው ዘንድ ሄደ። ወኪሉ መጽሐፉን ከመሳቢያ አወጣና እንዳይገለብጥ የአካሉን እስክሪብቶ ተቀብሎ፣ «ሻዬን ጠጥቼ እስክጨርስ እየው» አለው። መቀለዱ ነበር። አካሉ የፈረንጅ ቋንቋ አያነብም። ሥዕሉንና ቁጥሩን ግን ድጓውን ባጠናበት ልማድ በቃሉ ይዞ ተመለሰ። ሞተሩን ፈትቶ ገጠመው፤ ጀልባዋም ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳትቆም ሠራች።

ወኪሉ ይህን ሲሰማ ለሥራ አስኪያጃችን ለጓድ ደሞዝ ጻፈ፦ «ሠራተኛችሁ የሰረቀውን ይመልስ። ያለበለዚያ በሌላ መስመር ለሚሠሩት ጀልባዎቻችሁ መለዋወጫ አንሸጥም።»

«ምኑን ልመልስ ጌታው?» አለ አካሉ ደብዳቤው ሲነበብለት። «የያዝሁት ቁጥር ነው። ከራሴ አውጥቼ በፖስታ ልላከው?»

ጓድ ደሞዝ ግን ፈራ። «ይህን ሞተር አላውቅም፤ ሁለተኛም አልነካም» የሚል ወረቀት አስፈረመውና በዚያችው ጀልባ ላይ ገመድ አሳሪ አደረገው።

በሳምንቱ ከዘጌ እንደተነሣን ሞተሩ ቆመ። ሁለት ቀን ያማጠች ወለተ ኪዳን የምትባል ሴት በቃሬዛ ተሳፍራለች። ሁላችንም አካሉን አየነው።

«ፈርሜአለሁ እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞር አለና መፍቻውን አነሣ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጉዟችንን ቀጠልን፤ ሐኪም ቤት ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ጓድ ደሞዝ ስለ ወላዷ አንድ ቃል አልጠየቀም። «ፊርማህን አፍርሰሃል» ብሎ አካሉን የወደቡ ዘበኛ አደረገው። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ የጓድ ደሞዝን ፊት ማየት አስጠላኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ሞተሩ ዳግመኛ ቆመ፤ ማንም እንዲነካው አልተፈቀደም። በዚያው ሰሞን ሌላ ምጥ የያዛት የዘጌ ሴት በታንኳ ስትመጣ ሐይቁ ላይ አረፈች። ለሬሳዋ የወደቡን በር የከፈተው አካሉ ነበር።