ሕንድ የሰው ስም አይደለም

ዘነበወርቅ ለሕንድ አክተሮች ግድ ኖሯት አያውቅም። ጃንሆይ ከመውረዳቸው በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ዓመታት መርካቶ አጠገብ በነበረ አንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት ትቀድድ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰዉ ስለ ቆንጆዋ ልጅና ስለ ጀግናው እያወራ ሲገባ፣ እሷ ቲኬቱን ቶሎ ቶሎ ቀድዳ መብራቱ ሲጠፋ ከኋላ ትቆማለች። የምትፈልገው መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝኛ የሚያልፉትን ስሞች ነው። ዜማ፣ እገሌ። ግጥም፣ እገሌ። ዳይሬክተር፣ እገሌ። ስለሚቸኩሉ አንዱን ፊልም አምስት ስድስት ጊዜ ካልገባች አይሞሉላትም። ዛሬ የዜማውን ሰው፣ ነገ የገጣሚውን እያለች በእርሳስ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። የዘፈኑንም ቃል እንደሰማችው በአማርኛ ፊደል ትገለብጣለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም የሚገባ አንድ ሕንዳዊ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። የጻፈችውን እያረመ ትርጉሙን ይነግራታል። አክተሩ ከንፈሩን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ፣ የሚዘፍነው ሌላ፣ ዜማውን ያወጣው ሌላ፣ ቃሉን ተቀምጦ ያሰበው ደግሞ ሌላ ሰው እንደሆነ ያስረዳት እሱ ነው።

«ታዲያ ለምን ፖስተሩ ላይ የሉም?» አለችው።

አስተማሪው ሳቀ። እሷ ግን ተናደደች። ንዴቴ የጀመረው ያን ቀን ነው ብላ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ራሷ ነግራኛለች።

ከሁሉ የምትወደው አንዲት እናት ባቡር ላይ ለሚሳፈር ልጇ የምትዘፍነውን ነበር። ወደ ኋላ አትይ፣ ካየህ መሄድ ያቅትሃል፣ የሚል ነው። ዜማው የዲናናት ባርቬ፣ ግጥሙ የራውነቅ ሲታፑሪ። እነዚህን ሁለት ስሞች ከእናትና አባቷ ስም እኩል ታውቃቸዋለች።

ደርግ ገብቶ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ዘነበወርቅ ጉለሌ ውስጥ በድብቅ በሚሰበሰብ የቤት ኅብረት ጌታን ተቀበለች። የኅብረቱ መሪ ገላው የሚባል፣ አኮርዲዮን የሚጫወት የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበር። አንድ እሑድ፣ ዓለማዊ ነገር ያለው ሁሉ አምጥቶ ያቃጥል ተባለ። አንዱ ሸክላ ይዞ መጣ፣ አንዷ የከንፈር ቀለም፣ አንዱ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማውን። ዘነበወርቅ ደብተሯን ይዛ መጣች።

ገላው ገለጥ ገለጥ አደረገው። «ይሄ ምንድን ነው? የጣዖት ስም ነው?»

«የሰው ስም ነው። ዘፈኖቹን የሠሩት ሰዎች።»

«እስቲ አንዱን በይው። ምኑን እንደምትተዪ እንወቅ።»

የእናትየዋን ዘፈን ዘፈነችው። ገላው አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በጣቶቹ ይከተላት ነበር፤ ሁለተኛው ዙር ላይ አንዲት ኖታ አልሳተም። ስትጨርስ ደብተሩን ተቀብሎ ከሰሉ ላይ አስቀመጠው። አለቀሰች። ሰዎቹ የንስሐ እንባ መስሏቸው እጃቸውን ጫኑባት።

ብዙም ሳይቆይ ገላው በሱዳን አድርጎ ወጣ። ዘነበወርቅ አገባች፣ ባሏ ሞተ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አንድ ዲቪ ደርሷት ሚስጥር ከምትባል ልጇ ጋር አሌክሳንድሪያ ገባች። ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በቢጫው መስመር ባቡር፣ ከዚያ በቀዩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወርዳ ሚስዝ ኩልካርኒ የሚባሉ የሰማንያ ዓመት ሕንዳዊት ቤት ትገባለች። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጠዋት ሴትዮዋ የእናትየዋን ዘፈን በካሴት ከፍተው ገንፏቸውን ሲበሉ፣ ዘነበወርቅ አልጋ እያነጠፈች «ዲናናት ባርቬ» አለች። ሚስዝ ኩልካርኒ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ልጆቻቸው እንኳ ያንን ስም አያውቁትም።

ባርቬ ሰው ጋራዥ ውስጥ ተከራይቶ ሲኖር እንደሞተ፣ ቀብሩ ላይ ታብላ የሚሉትን የሕንድ ከበሮ መቺው ብቻ እንደቆመ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ዘፈኑ ያን ጊዜ በየሠርጉ ይዘፈን ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ሚስጥር እናቷን ወደ ሥራ ስትሸኝ መኪናዋ ውስጥ አዲስ የመዝሙር ሲዲ ከፈተች። ሦስተኛው መዝሙር ሲጀምር ዘነበወርቅ «አቁሚ» አለቻት።

«ማሚ፣ ሀይዌይ ላይ ነን።»

«አቁሚ አልኩሽ።»

ሚስጥር ዳር ይዛ ቆመች። ዘነበወርቅ ሽፋኑን አንስታ አነበበች። ግጥምና ዜማ፦ ዘማሪ ገላው። ቃሉ ተቀይሯል፤ እናትየዋ የለችም፣ ባቡሩ የለም፣ ዘማሪው ለነፍሱ ወደ ኋላ አትይ ይላታል። ዜማው ግን ከነትንፋሹ ያው ነው።

ገላው ያን ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ትልቅ ትንሹ ጋሽ ገላው የሚለው ሰው ሆኗል። ዘነበወርቅ ሰው ፊት ከማዋርደው ብላ መጀመሪያ ለብቻው ደወለችለት። ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ ዶናት ቤት ተገናኙ። ደስ ብሎት አቅፎ ሳማት።

«ጋሽ ገላው፣ ሦስተኛው መዝሙር የእርስዎ አይደለም» አለችው ገና እንደተቀመጡ። «ዜማው የዲናናት ባርቬ ነው። ግጥሙም ቢሆን ሐሳቡ የራውነቅ ሲታፑሪ ነው። ስማቸው ይጻፍ።»

ገላው ፈገግ አለ። «እኔ በጸሎት ላይ ሳለሁ ነው የመጣልኝ። ቢመሳሰልም ጌታ የፈለገውን ዜማ ለክብሩ መጠቀም ይችላል። ደግሞ የሂንዱና የእስላም ስም መዝሙር ሽፋን ላይ እንዴት ይጻፋል?»

«ጉለሌ ዘፍኜልዎት ነበር። ከዚያ ደብተሬን አቃጠሉት።»

«የምን ደብተር?»

ዘነበወርቅ ዓይኑን አየችው። አልዋሸም። በእርግጥም አያስታውስም።

ከዚያ በኋላ አንቱታው ከአፏ አልወጣም። «አንተ ሦስት ዓመት የለቀምኩትን አቃጥለህ፣ ውስጡ ከነበረው የሚጣፍጥህን ለራስህ አስቀረህ። ኃጢአት ከነበረ አብሮ ይቃጠል ነበር። ካልነበረ ደግሞ ለምን አስለቀስከኝ?»

«ዘነቡ፣ ቁጣሽን ለጌታ ስጪው» አላት።

የሲዲው ምርቃት አሌክሳንድሪያ፣ የእኛው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። እኔም ነበርኩ። ፓስተር ሲራክ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሦስተኛውን መዝሙር ጋሽ ገላው ከመንፈስ እንደተቀበሉት ነገረን። አጨበጨብን። ገላው አኮርዲዮኑን አንግቶ ጀመረ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ተነሥታ አብራው መዘመር ጀመረች። ድምጿ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው። ከምትለው አንዲት ቃል የሚያውቅ የለም። ዓይኗን አልጨፈነችም፣ እጇን አላነሣችም፤ ዝም ብላ ገላውን እያየች ትዘምራለች። ከጎኗ ያሉት «ሃሌሉያ» አሉ። በልሳን የምትዘምር መስሎን አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ፍሰሐ የሚባል የጸሎት አገልጋይ ማይክ ይዞ ሮጠና ትርጉሙን መናገር ጀመረ። «ሕዝቤ ሆይ፣ ላነሣህ መጥቻለሁ ይላል ጌታ።» አጠገቤ ያለች ሴት አለቀሰች። ሃሌሉያ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ልደብቀው አልችልም።

በመንፈስ ያልተነካ አንድ ሰው ገላው ብቻ ነበር። ጣቶቹ አኮርዲዮኑ ላይ ቀሩ። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች እንደሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ጉለሌን ያን ጊዜ ያስታወሰ ይመስለኛል።

ዘነበወርቅ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አደረሰችው። ከዚያ ማይኩን ከፍሰሐ እጅ ወሰደችው።

«ልሳን አይደለም፤ ሂንዲ ነው። ፍሰሐ፣ የተረጎምከው ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ልጇን ባቡር ላይ የምትሸኝ እናት ናት። ዜማውን የሠራው ዲናናት ባርቬ ነው። ቃሉን የጻፈው ራውነቅ ሲታፑሪ ነው። ገላው እኔ ስዘፍን ነው የሰማው። ከመንፈስ አልተቀበለም፣ ከእኔ ነው የተቀበለው፤ እኔም ከእነሱ።»

ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ሁለት አስተናጋጆች ክንዷን ይዘው አወጧት። ፓርኪንጉ ውስጥ ሚስጥር ሮጣ ደረሰችባት። «ማሚ፣ ዩ ኢምባረስድ አስ። አሳፈርሽን እኮ። ስለ አንድ ዘፈን?»

«የሰው ሥራ ነው» አለች ዘነበወርቅ። «አንቺ አርሊንግተን ቢሮሽ ውስጥ የሠራሽው ሥራ ላይ፣ ሌላ ሰው ስሙን ቢጽፍበት ዝም ትያለሽ?»

ሚስጥር መኪናውን አስነሥታ ወሰደቻት።

ሽማግሌዎቹ ይቅርታ እንድትጠይቅ ሦስት ጊዜ ጠሯት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሄዳ ያንኑ ደገመችላቸው። ለስድስት ወር ከአገልግሎት አገዷት፤ አገልግሎቷም ወንበር መደርደር ነበር። ፍሰሐን ስለ ትርጉሙ የጠየቀው ሰው የለም። እኔ ፓስተሩን ልጠይቅ አስቤ ተውኩት። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዓመቱ ሲዲው እንደገና ታተመ። ሚስጥር አንድ ገዝታ አመጣችላት፤ ሽፋኑ ላይ አዲስ ነገር እንዳለ ሰምታ እናቷ ደስ እንድትሰኝ ነው። ዘነበወርቅ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ዜማ፦ የሕንድ» ይላል። ስልኩን አነሣች።

«ገላው፣ ሕንድ የሰው ስም አይደለም» አለችውና ዘጋችበት።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ልቀቂ ያላት የለም፣ እሷም አለቅም ብላለች። ያ መዝሙር ሲጀመር ግን ተነሥታ ትወጣለች፣ ሲያልቅ ተመልሳ ትገባለች። አንዳንዶቹ ይስቁባታል። ሚስዝ ኩልካርኒ እስኪሞቱ ድረስ ይህን ሁሉ ትተርክላቸው ነበር፤ እሳቸውም አልጋቸው ላይ ሆነው በእሷ ፈንታ ይሳደቡ ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ሮክቪል የአንድ የጋራ ወዳጃችን ለቅሶ ላይ ገላውና እሷ በር ላይ ተገጣጠሙ። እሱ በከዘራ ይሄዳል። ቆሞ እጁን ዘረጋላት።

«ዘነቡ፣ አርጅተናል። ሰላም እንባባል።»

«እሺ። ስማቸውን ጥራ።»

ገላው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «አላውቀውም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የፈረንጅም አይደል፣ አይያዝልኝም።»

«ልጻፍልህ?»

ከኋላው የቆሙት ሰዎች መግባት ፈልገው ይጠብቃሉ። የገላው እጅ እንደተዘረጋ ነው። ዘነበወርቅ ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ በጎኑ አልፋ ወደ ሐዘንተኞቹ ገባች።