የወልዋይዋ ምርጫ

ጂ ዮንግሜ ሰይፍ የሚገዙ ሰዎችን መናቅ የጀመረችው ሥራ በገባች በሁለተኛው ወር ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አስተያየቷን የምትለውጥበት ምክንያት አላገኘችም።

በቻይናዋ ሎንግቹዋን ከተማ ሰው ወይ ሸክላ ይሠራል ወይ ሰይፍ። ዮንግሜን ለሸክላ ትዕግሥት የላትም፣ ለመዶሻ ክንዷ ቀጭን ነው ብለው በሃያ አራት ዓመቷ መሳያ ድንጋይ ፊት አስቀመጧት፤ እዚያው አረጀች። ከአንጥረኛ እጅ ጠቁሮና ሻክሮ የሚመጣላትን ብረት በዘጠኝ ድንጋይ፣ ከሻካራው ጀምራ እስከ ልስልሱ፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ትወለውላለች። አንዱ ሰይፍ ሳምንት ይፈጅባታል። ውሃ የጠጣ ጣቷ ክረምት በገባ ቁጥር ይሰነጠቃል። እንዲህ የደከመችበትን ሰይፍ ደግሞ ዶሮ አርዶ የማያውቅ ነጋዴ ከትልቅ ከተማ መጥቶ ያነሳውና መስታወት ፊት እግሩን አንፈራጦ ይቆማል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ከሶፋው በላይ ሊሰቅለው ይዞት ይሄዳል። አንዱ ሰይፉን ወደ ሰገባው ሲመልስ የገዛ እጅጌውን ቀዶ ዓይኗ እያየ ወጥቷል።

ከገዢዎቹ ሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን አሠሪዋን ሺያንግ ቦካይን ነበር። ሁለቱም በአንድ የጸደይ ወቅት ለአንድ አንጥረኛ ተማሪ ሆነው ነው የገቡት። ቦካይ መዶሻ የያዘው አርባ ቀን ነው። መዳፉ ውሃ ሲቋጥር ጥሎ ሄደና ዌንጆ ከተማ ወርዶ የልብስ ቁልፍ ይነግድ ጀመር። ከዓመታት በኋላ በመኪና ተመለሰ፤ ጢሙን አሳድጓል፣ «ታላቅ የሰይፍ ሊቅ» የሚል ወረቀትም ከየት እንዳመጣው እንጃ ይዟል። እንደ ባለሥልጣን ሪባን ቆርጦ የድሮ ሰይፎችን አምሳያ የሚሠራ ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በየእጀታው ሥር የሚቀረጸው የርሱ ስም ነው። መዶሻ የሚያነሳው ካሜራ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ያኔ የሚያሸርጠው ቆዳ ሱቅ ውስጥ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋለትም። ዮንግሜ ይህን ሁሉ እያየች የሚላትን ሁሉ «እሺ» ትለዋለች። ከርሱ ጋር ከመነጋገር እሺ ማለት ይቀላል።

በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ጡረታ ልትወጣ ስትል ቦካይ አንድ ነገር አሰበ። አዳራሹ ውስጥ ከተደረደሩት አርባ ሁለት ሰይፎች የምትወደውን አንዱን ትመርጣለች፤ እሱ ይሸልማታል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ሰይፍ በሚሸጡበት የስልክ ቀጥታ ስርጭት ይተላለፋል። ከዋዜማው ጠርቶ አስጠናት። መምረጥ ያለባት ዘንዶ እጀታ ያለውን፣ «የሃን ነገሥታት ሰይፍ» የሚሉትን ነው። በሁለት እጇ ታንሳው፤ ትንሽ ዝም ትበል፤ እንባ ከመጣም እሰየው። ዮንግሜ እሺ አለች።

በማግስቱ ስርጭቱን የምትመራው የቦካይ የወንድም ልጅ ቺየንሩ ነበረች። ስለ ሰይፍ የምታውቀው ካርቶን ላይ የተጻፈላትን ነው፤ ልጅቷ ግን ክፉ አልነበረችም። ስልኩን በዘንግ ላይ አቁማ፣ እትዬ ዮንግሜ ለሠላሳ አራት ዓመት ከሰይፍ ጋር የኖሩ እናት ናቸው ብላ አስተዋወቀቻትና እስቲ ስለያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይበሉን አለቻት።

ዮንግሜ ይህን አላጠናችም ነበር። የመጀመሪያውን አነሳች፤ የጥንት የነሐስ ሰይፍ አምሳያ ነው። ጎመን አይከትፍም ብላ አስቀመጠችው። ከጥንቱ የታንግ ነገሥታት ዘመን የተቀዳውን ቀጥ ያለ ጎራዴ ወደ መስኮቱ ዘርግታ በአንድ ዓይኗ ተመለከተችና፣ ቀጥ ያለ ነው የሚል ጽሑፍ ለጠፉበት እንጂ እሱስ ጠማማ ነው አለች። የሚቀጥለው ስምንት ጎን ያለው ነበር።

«ስምንት ነው ይላሉ» አለች። «ቁጠሪው፤ ሰባት ተኩል ነው።»

ቺየንሩ የምሯን ቆጠረች። ስልኩ ላይ የተመልካቹ ጽሑፍ እየተግተለተለ መውጣት ጀመረ፤ ሰው እየሳቀ ነው፤ ቁጥሩም እያሻቀበ ነው። ዮንግሜ የቤተ መንግሥት ዘበኞች ወደሚሉት ጎራዴ አለፈች። ስለቱ እጀታው ውስጥ የገባው አንዲት ጣት ያህል ብቻ ነው፣ ቀሪው በብየዳ የተያዘ ነው አለች፤ ዛፍ ቢመቱበት እጀታው እጅ ላይ ይቀራል፣ ስለቱ ጎረቤት ቤት ይገባል። ቀይ ዘርፍ የተንዠረገገበትን ደግሞ ከነጭራሹ አላነሳችውም። ይሄ መጋረጃ ነው ብላ አለፈችው።

ከካሜራው ኋላ የቆመው ቦካይ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሁለት ጊዜ አሳለ። በአገጩ ወደ ዘንዶው አመለከታት።

ሄደች። የዘንዶውን ሰይፍ ከሰገባው ስትመዘው አዳራሹ በራ። ቺየንሩ እፎይ ብላ ካርቶኑን አነበበች፤ ብረቱ ሺህ ጊዜ የታጠፈ ነው፣ በሊቁ በራሳቸው እጅ የተቀጠቀጠ ነው። ዮንግሜ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና ሰይፉን ወደ ብርሃኑ አጋደለችው።

«እዚህ ጋ፣ ከእጀታው አራት ጣት ወረድ ብሎ፣ ስንጥቅ አለው።»

ቺየንሩ ተጠግታ አየች። «እኔ ምንም አይታየኝም፣ እትዬ።»

«አይታይም።»

«ለምን?»

«ስለሸፈንኩት።»

ይህን ልትናገር አልመጣችም ነበር። ባለፈው ዓመት ቦካይ ስንጥቁን አሳይቶ ሸፍኚው ብሏት ነበር፤ እሺ አለችው። ሁለት ቀን ሙሉ የብረት ብናኝ በዘይት ለውሳ፣ በዘጠነኛው ድንጋይ እያሸች ደፈነችው። በሥራዋም ኮርታ ነበር። ጠማማውን ታንግም ቀጥ ያለ ያስመሰለችው፣ ሰባት ተኩሉንም ስምንት ያስመሰለችው እሷው ናት። ነጋዴውን ያታለለው የቦካይ ጢም ብቻ አይደለም፤ የሷ ውልወላ ነው። ዕድሜ ልኳን ለሌላው ስታድለው የኖረችው ንቀት ያን ጊዜ ዞሮ የራሷን ድርሻ ይዞላት መጣ፤ ድርሻዋም ትንሽ አልነበረም። ፊቷ ጋለ። ሰይፉን መለሰችው።

ከዚያ እስከ አዳራሹ መጨረሻ ሳትቆም ሄደች። እዚያ፣ ከመጥረጊያዎቹ አጠገብ፣ በጃፓን ጦርነት ጊዜ የገጠር ሰው ይዞት ይወጣ የነበረው ዓይነት ሰፊ ጎራዴ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እጀታው በጨርቅ የተጠመጠመ ነው። የቤቱ ሽማግሌ አንጥረኛ ባዎ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የቀጠቀጠው ነው። በርካሽ ስለሚሸጥ ቦካይ ወደ ውልወላ አልላከውም፤ የመዶሻው ምት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል።

«ይሄን እወስዳለሁ» አለች።

ቺየንሩ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለምን ይሄን እንደመረጡ ይንገሩን አለቻት።

«እኔ አልነካሁትማ።»

በጋዜጣ ጠቅልላው በጓሮ በር ወጣች።

ቦካይ መጥቶ ይሰድበኛል ብላ አራት ቀን ጠበቀች። በአምስተኛው ቀን መንደሪን በቅርጫት ይዞ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ መጣ። ሰዉ ወዷታል። አገር ምድሩ «እትዬ ዮንግሜ ያልነካችውን» ጎራዴ አምጡ እያለ ነው። ባዎ ብቻውን አያደርሰውም፤ ስለዚህ በማሽን ከላሜራ እየተቆረጠ ነው። ችግሩ፣ ከማሽን የሚወጣው እንደ ትሪ ለስላሳ መሆኑ ነው። የመዶሻ ምት የሚያስመስልለት፣ በልኩ የሚያሻክርለት እጅ ይፈልጋል። ያው ዘጠኙ ድንጋይ ነው፣ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ነው አላትና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ዮንግሜ ቅርጫቱን መልሳ ወደ እሱ ገፋችው።

«ቦካይ፣ እስከ ዛሬ ሌባ ነህ ብዬ ነበር የማስበው። ተሳስቻለሁ። ሌባ የሚሰርቀውን ዕቃ ዋጋ ያውቃል።»

ቦካይ ካመጣው መንደሪን አንዱን ልጦ እየበላ፣ አስቢበት አላት። እምቢ አለችው። ቃሉ ለአፏ እንግዳ ስለነበር ደገመችው።

እሱም ሌላ ሰው አላጣም። ከወር በኋላ ጎራዴው ገበያ ወጣ፤ ካርቶኑ ላይ የሷ ፎቶ፣ ከንፈሯ እንደተጣመመ፣ ተለጥፎበታል። አውቶቡስ መናኸሪያ አንድ ሰውዬ ካርቶኑን ታቅፎ አያት፤ አወቃትና አብሯት ፎቶ ተነሳ። ቤት ውስጥ የት ልስቀለው ብሎም ጠየቃት። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አለችው፤ ይቆርጣል ብለህ ግን አትፍራ።

ባዎ ይህን ሁሉ አልሰማም። የስድሳ ዓመት የመዶሻ ድምፅ ጆሮውን ወስዶታል። ዮንግሜ ወርክሾፑ ድረስ ሄዳ፣ አፏን ጆሮው ላይ ገጥማ፣ ጎራዴህ ዝነኛ ሆኗል ብላ ጮኸችበት። ሽማግሌው ከሩዝ ፓስታው ቀና ሳይል፣ ይቆርጣል ወይ ብቻ አላት። ሞክራው አታውቅም። አፈረች።

በማግስቱ ጠዋት ከቤቷ ጀርባ ካለው ቀርከሃ አንዱን መታች። የመጀመሪያው አንጓ ላይ ስለቱ ተሸረፈ። ዮንግሜ፣ ይሄውም እንደ ሌሎቹ ነው ለካ ብላ፣ ደስ ሊላት ምንም ያህል አልቀራትም። ጎራዴውን ይዛ ለባዎ ወሰደችለትና ሽራፊውን አሳየችው። ባዎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቀጥሎ ክንዷን ይዞ፣ እሱንም እንደ ብረት አገላብጦ አየው።

«ብረቱ ደህና ነው» ብሎ ጮኸ፣ ደንቆሮ እንደሚጮኸው። «እጅሽ ነው መጥፎው። ዕድሜሽን ሙሉ ስትወለውዪ ኖረሽ መምታት ከየት ታመጫለሽ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሰማ። ባዎ ጎራዴውን ነጥቋት ወደ ጓሮ ወጣ፤ እሷም ተከተለችው። አንድ የደረቀ ቀርከሃ አቁሞ፣ እግሯን በእግሩ እየገፋ አስተካከለ፣ ትከሻዋን ወደ ታች ተጫነ፣ ጎራዴውን መልሶ አስያዛትና፣ በይ አላት።