ጭራው ያልተቆረጠ ጥይት

ወንድሜ ቦኬ አካባቢ ማሽላና ጫት ያመርታል፤ እኔ ጭሮ ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው መኸር ልጠይቀው ስሄድ ከርከሮዎች የማሽላውን እኩሌታ አውድመውት ደረስኩ። ከአባታችን የቀረው ጠመንጃ ባሩዱንም ጥይቱንም በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ውስጡ ልሙጥ የሆነ አሮጌ መሣሪያ ነው። ጥይቱ ገበያ ላይ ስለሌለ እርሳስ አቅልጠን ድብልብል አድርገን እናወጣለታለን።

"የአንቺ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ አንቺ አፍስሺው" አለኝ።

ከጋራዥ ያመጣሁለትን የመኪና ጎማ ባላንስ ማድረጊያ እርሳስ ደጅ አቅልጬ የጥይቱ ማውጫ ቅርጽ ውስጥ አፈሰስኩት። ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ጥይት ላይ ትንሽ ጭራ ይተርፋል፤ እሱን ቆርጦ በሞረድ ማለስለስ ያስፈልጋል። ሥራውን ሳልጨርስ ዝናብ መጣብኝና ሁሉንም ጠራርጌ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ማለዳ ማሽላው ዳር አድፍጠን ሳለ አንድ ትልቅ ከርከሮ ብቅ አለ። ወንድሜ ተኮሰ። ጭሱ ሲገለጥ ከርከሮው የኋላ እግሩን እየጎተተ ቁልቁል ወደ ጫቱ ሲገባ አየነው። ጫቱ ውስጥ ደግሞ የወንድሜ ሚስት ነበረች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ጫት ወደ ሂርና የሚጭነው መኪና እንዳያመልጣት ጫት ልትቀነጥስ በጠዋት ወርዳ ነበር።

ጮኸን ጠራናት። አልመለሰችም።

ስንደርስ ጀርባዋን የእርከኑ ድንጋይ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ከርከሮው ከፊቷ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ተኝቶ ያለከልካል። ለምን እንዳልመለሰችልን ያን ጊዜ ገባኝ።

ወንድሜ ባሩዱን ጨመረና "ስጪኝ" አለ በሹክሹክታ።

የሰጠሁት ጥይት አፈሙዙ ላይ ቀረ፤ ጭራው አላስገባ አለው። ቀና ብሎ አየኝ።

"ሌላ።"

ሁለተኛውም ጭራ ነበረው። ከረጢቱን በጣቴ እየዳበስኩ ለስላሳውን መፈለግ ያዝኩ። ከርከሮው በፊት እግሮቹ ተነሣ። የወንድሜ ሚስት ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገች ነው። አንዱ ለስላሳ መሰለኝና አቀበልኩት።

ሦስተኛው ገባ። ወንድሜ በዘንግ ጠቀጠቀው። ያ ጠመንጃ ጥይቱን ወዴት እንደሚወስደው ስለማይታመን እሷ በጥይቱ አቅጣጫ እንዳትሆን ቀስ ብሎ ወደ ጎን ዞረ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲተኩስ ብቻ ሰማሁ።

ከርከሮው ወድቆ ነበር። እሷም እዚያው ድንጋዩ ሥር ተንሸራታ ተቀምጣለች።

"ልጁ ይንቀሳቀሳል?" አልኳት።

ሆዷን በሁለት እጇ ዳበሰች። "እኔ እንጃ" አለች።

እስከ ጤና ጣቢያው በባጃጅ ሄድን። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩት ወንድሜን።

"ጥይቱን ሳላይ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ" አለ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሷ የልጁን የልብ ምት ፈልጋ አገኘች። "ደህና ነው" ስትል የወንድሜ ሚስት "አልሐምዱሊላህ" አለችና እጄን ያዘችኝ። ወንድሜ ግን ወደ ውጭ ወጣ። ስከተለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያለቅስ ነበር።