አሥር መብራት፣ ሦስት መብራት

ጋሽ ገብረጻድቅ የሠላሳ ዓመት እንጀራቸውን የበሉት ከጨለማ ነው። ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የራጅ ፊልም አጣቢ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. የራጅ ባለሙያ ሆኜ ስመደብ፣ ከኔ ክፍል ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ቀይ አምፖል አብርተው፣ ፊልም ከኬሚካል ወደ ውኃ ሲያዘዋውሩ አገኘኋቸው። ልብሳቸው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ሠራተኛው «ጋሽ ጨለማ» ይላቸዋል። በኛ ሆስፒታል መርፌና ጓንት ይጠፋል እንጂ ስም አውጪ ጠፍቶ አያውቅም።

ሐኪም ሲያጣድፋቸው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ፤ ጊዜው ሳይደርስ ፊልሙን አያወጡም። ጥግ ላይ ስምና ቀን፣ ቀኝና ግራ ሳይኖርበት ከእጃቸው የወጣ ፊልም አላስታውስም። «ቀን የሌለው ፊልም ወሬ ነው፣ ፀሐይ» ይሉኝ ነበር።

በራቸው ላይ ሁልጊዜ የታማሚ ዘመድ ይቆማል። የጋዋናቸውን እጅጌ ይዞ፣ «ጋሼ፣ ክፉ ነገር ካለ ለሱ እንዳይነግሩት፤ ለኛ ብቻ» ይላል። «እኔ አጣቢ ነኝ፤ ምን አውቃለሁ?» ብለው ያልፋሉ። ውሸታቸውን ነው። ከሐኪሙ በፊት ያውቃሉ፣ ዝም ይላሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት አለን። በሽታን ከበሽተኛው ስለሚደብቅ ዘመድ ግን አንድም ተረት አልሰማሁም፤ ሁላችንም ስለምናደርገው ይሆናል።

እሳቸውም አድርገውታል። በ1989 ባለቤታቸው አበበች ሳል ጸንቶባት ደረቷን ራጅ ስትነሳ፣ ፊልሙን ያጠቡት ራሳቸው ናቸው። ያዩት ክፉ ነበር፤ ወንድሞቿ ከደብረ ብርሃን መጥተው እንዳይነግሯት አስማሏቸው። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ አብረን ስንወጣ ነገሩኝ፦ «ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። ‹ደህና ነው አይደል?› አለችኝ። ‹ደህና ነው› አልኳት። ‹እንኳን› አለችና ምሳዬን አቀረበችልኝ።» በአራተኛው ወር ተቀበረች። ሴት ልጃቸው ቅድስት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ዲጂታል ማሽን መጣ፤ ጨለማው ክፍል የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆነ። ጋሽ ገብረጻድቅ ካርድ ክፍል ተዛውረው፣ ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ቆይተው ጡረታ ወጡ። ፊታቸው መቅላት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ምግብ ሲበሉ ከአንገታቸው ጀምሮ ይጋጋላሉ፣ ሆዳቸው ይሮጣል። ታቦር ሰፈር ያለው ጎረቤታቸው ምርመራ አላስፈለገውም፤ «ሽማግሌው አረቄ ጀመሩ» አለ። ጠላ እንኳ በዓመት በዓል ብቻ የሚቀምሱ ሰው! ሐኪሞቹ ደግሞ ጨጓራ አሉ፣ አሜባ አሉ፣ ታይፎይድ አሉ። እንዲህ አራት ዓመት ሄደ። በሁሉም ተናደድኩ፤ በራሴ ግን ባሰብኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሆድ እያነሳሁ የሳቸውን ሆድ ለማየት አላሰብኩም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄደው ሲቲ ስካን ተነሱ፣ ከጉበታቸውም ናሙና ተወሰደ። አንጀታቸው ላይ ተነስቶ ጉበት የደረሰ፣ ሆርሞን የሚረጭ ዕጢ ነው ተባለ፤ ፊታቸውን የሚያቀላው እሱ ኖሯል። ሐኪሙ እንዲህ ያለው ዕጢ ጠባዩ ሁለት ነው አላቸው፤ አንዱ ከሰው ጋር ዓመታት ይኖራል፣ ሌላው ይቸኩላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ማሽን ግን ያኔ አገር ውስጥ አልነበረም። ቅድስት ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ፣ ውጭ አገር ለመታከም የሚጠየቀውን የሜዲካል ቦርድ ወረቀት ስታሳድድ ከርማ፣ በ2008 አባቷን ይዛ ህንድ ሄደች።

ማሽኑ የሰውነትን ቅርጽና በውስጡ የሚሠራውን ሥራ በአንድ ሥዕል ላይ ያሳያል። ሁለት ጊዜ አነሷቸው። በመጀመሪያው፣ የተነሳበትን ሕዋስ ጠባይ ያልለቀቀ ዕጢ ላይ የሚጣበቅ መድኃኒት ወጉ፤ በዚህኛው የሚበራ ዕጢ ረጋ ያለ ነው፣ ሕክምናም ይቀበላል። በሁለተኛው ጨረር ያለበት ስኳር ወጉ፤ ስኳሩን ተሻምቶ የሚበራው ያ ቸኳዩ ነው።

ሲመለሱ ቅድስት አባቷን ቤት አድርሳ፣ ሳታርፍ እኔ ዘንድ መጣች፤ ሁለቱን ፊልም ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። በመጀመሪያው ላይ አሥር መብራት አለ። በሁለተኛው ሦስት ብቻ፣ ሦስቱም ጉበት ላይ፣ መጀመሪያ ምንም ባልበራበት ቦታ።

«ቸኳዮቹ እነዚህ ሦስቱ ናቸው አሉኝ፣ እትዬ ፀሐይ። ከዓመት ብዙም አያልፍም አሉኝ።»

«እሳቸውስ?»

«አሥር የነበረው ሦስት ቀረ፣ መርፌው ሠራ አልኩት። በጣም ደስ አለው። አደራዎትን፣ እንዳያፈርሱብኝ።»

ልቆጣት ነበር። ዓይኗን ሳየው ግን ስንት ሌሊት እንዳልተኛች ያስታውቃል፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። «እሺ» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሽ ገብረጻድቅ በር ላይ ከቆሙት ዘመዶች አንዷ ሆንኩ።

ልጠይቃቸው የሄድኩት በፍቼ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ቀን ነው። ሰው ወደ በዓሉ ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ ስለሚጎርፍ ባጃጁ መሀል መንገድ ላይ አወረደኝ፤ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁት። ቅድስት ጓዳ ነበረች። እሳቸው ሁለቱን ፊልም የሳሎኑ መስኮት ላይ በፕላስተር ለጥፈው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ነይ፣ ቁጭ በይ። ቀኑን እዪው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄ አሥራ አራት ይላል፣ ያ አሥራ ስድስት። በሁለት ቀን አሥሩን ሦስት የሚያደርግ መድኃኒት ካለ ለኔ ብቻ ምን ይሠራል፣ ለዓለም ይዳረስ እንጂ! ደግሞ ሦስቱ ከአሥሩ መሀል አይደሉም። አሥርና ሦስት አሥራ ሦስት ነው፣ ፀሐይ።»

ወደ መስኮቱ ቀርቤ ቀኖቹን አነበብኩ፤ እንዳሉት ነው።

«የመብራቱን ትርጉም አላውቅም» አሉ። «ሦስቱን ስታሳየኝ ግን ልጄ ቀኑን በአውራ ጣቷ ሸፍና ነበር። ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ ስኳሩም፣ ስለ ዓመቱም። ምንም አልሸራረፍኩም። ስለ ራሳቸው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

«አበበች አውቃ ነበር» አሉ። «‹እንኳን› ስትለኝ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። እኔ አንጀቴ እንዳይቆረጥ ብላ ነው። አሁን እኔም ለቅድስት ‹እንኳን› አልኳት፤ ፊቴን አዞርኩ። ያኔ ነው የገባኝ።»

ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ልጃቸውን ጠሩ። ቅድስት እጇን እያደረቀች መጣች፤ መስኮቱንም እኔንም አየችና ቆመች።

«ቀኑን አንብቢልኝ እስቲ፣ መነጽሬ የለም።» መነጽራቸው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

«አሥራ አራት» አለች። ወደ ሁለተኛው ዞረች። ከመስኮቱ ልትነቅለው እጇን ሰደደች።

«አንብቢ፣ ልጄ። እኔና እናትሽ አራት ወር ተደባበቅን። አብረን ማልቀስ ስንችል፣ እሷ ለብቻዋ፣ እኔ ጨለማ ክፍሌ ውስጥ ለብቻዬ። ካንቺ ጋር አልደግመውም፤ ደክሞኛል።»

«አሥራ ስድስት» አለች ቅድስት፤ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ኖሩ። በነዚያ ወራት እዚያ ቤት ብዙ ተለቀሰ፤ ፊቱን አዙሮ ያለቀሰ ግን አልነበረም።