ሰላምታ ወሬ አይደለም

አባቴ ቅቤ ነጋዴ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከቦምቤ ጉኑኖ፣ ከጉኑኖ ሶዶ ሲመላለስ ኖሮ አሁን በረንዳችን ላይ ተቀምጧል። ቤታችን ደግሞ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ንግዱን ተወ እንጂ ሰዎቹን አልተወም፤ ማለዳ ሸክም ይዞ የሚያልፈው ግማሹ ድሮ ቅቤ የሸጠለት፣ ግማሹ የእነሱ ልጅ ነው።

የደም ግፊት እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን ይውጣል። በአንዱ ቅር አይለውም። "አንድ ክኒን እንግዳ ነው፤ ሁለት ከሆነ ግን ቤተሰብ ሆነ፣ አይወጣም" ይላል። ባለፈው ክረምት ታዲያ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣው ወጣት ሐኪም ቁጥሩን አይቶ ፊቱን ኮስተር አደረገ። ለጥቂት ሳምንታት ቤት ውስጥ እየለካችሁ በስልክ መዝግቡ፣ ካልወረደ ሁለተኛ መድኃኒት እንጨምራለን አለን።

መለኪያ ገዛሁ፣ ቁጥሩን የሚመዘግብ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥርዓት እወዳለሁ፣ ሥርዓት የማይወድ ሰው ቶሎ ያናድደኛል። የመለኪያውን ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሬ፣ ጀርባውን አስደግፌ፣ እግሩን እንዳያነባብርና እንዳያወራ ነግሬ፣ ቁልፉን ተጭኜ ለሥራ ልለባብስ እገባለሁ። ስመለስ ቁጥሩን አፑ ውስጥ አስገባለሁ። ጥሩ ሲሆን አረንጓዴ፣ ከፍ ሲል ቀይ ያሳያል። የአባቴ ገጽ በርበሬ የተሰጣበት ግቢ መሰለ።

ጨው ቀነስኩ። በጨው የተፈጨውን የቃሪያ ዳጣ ሳይቀር ደበቅኩበት፤ ሥጋ ያለ ዳጣ የሚበላ ወላይታ አይቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ቀዩ ግን ቀይ ሆኖ ቀጠለ። አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ዝናብ በጣለበት ጠዋት ቁጥሩ አረንጓዴ ነው፣ በገበያ ቀን ይብስበታል። ብርድ ደም ያረጋጋል የሚል የራሴን ሳይንስ ፈጥሬ ለባልደረቦቼ ሳብራራ ከረምኩ። ማንም አልተቃወመኝም።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ስልኬን በረንዳው ላይ ረስቼ ኖሮ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጌ ተመለስኩ። ጨርቁ ክንዱ ላይ ተነፍቷል። አባቴ በነጻ እጁ የበረንዳውን አጥር ይዞ፣ ተንጠራርቶ፣ ጎደሬ ከተሸከመች ሴት ጋር በወላይትኛ ተያይዞታል። "ሳሮ?" ትላለች፣ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው፤ "ሳሮ" ይላል። ላምሽ ወለደች? የአማትሽ እግር ተሻላት? ዝናቡ በእናንተ በኩል እንዴት ነው? እሷን ሳይጨርስ ከኋላዋ ሌላ ሰው ደረሰ።

"አባባ፣ አታውራ ተብለህ አልነበረም?" አልኩት።

ከልቡ ተገረመ። "አላወራሁም። ሰላም አልኩ እንጂ።"

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ለእሱ ወሬ ማለት ተቀምጦ ሰው ማማት ወይም ዋጋ መከራከር ነው። ሰላምታ እንደ መተንፈስ ነው፤ መተንፈስን ደግሞ ሐኪሙ አልከለከለም።

ተናድጄ ወንበሩን ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል ወሰድኩት። አኮረፈ፣ ግን ተቀመጠ። ምሳ ሳይደርስ ግቢያችን በሰው ሞላ። በረንዳው ላይ ስላላዩት ታሟል ተብሎ ተወርቷል። አንዷ እርጎ ይዛ መጣች፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩለት ቆመዋል። አባቴ መሐላቸው ሆኖ ፊቱ በደስታ በራ። ከሄዱ በኋላ ስለካው ከቀይም የባሰ ጥቁር ቀይ እንዳለ አፑ አሳየኝ።

መላውን የዘየደው ራሱ ነው። "በረንዳዬን መልሽልኝ። ጨርቁ ሲታሰር ነጻ እጄን አነሳለሁ፣ አፌን አልከፍትም" አለ። ለሚያልፍ ሁሉ አስረዳ፤ እነሱም ቶሎ ለመዱት። እጁ ሲነሳ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሸክማቸውን አውርደው መንገድ ዳር ይቆማሉ። መለኪያው ፍስስ ብሎ አየሩን ሲለቅ የታመቀው ሰላምታ ሁሉ በአንድ ላይ ይወርዳል። እኔ ቢሮ ማርፈድ ጀመርኩ፤ ስልኬ ግን ቀስ በቀስ አረንጓዴ ለበሰ። እውነቱን ለመናገር፣ አረንጓዴው በዝቶ ያየሁት ቀን አለቀስኩ።

በቀጠሯችን ቀን ሐኪሙ ስልኬን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጎ አየ። ራሱም ሊለካው ጨርቁን አሰረና እንደ ልማዱ "እንዴት ነዎት አባባ?" አለው።

አባቴ ነጻ እጁን አነሳ።

ሐኪሙ ደነገጠ። "አባባ? ይሰሙኛል?" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሳቄን ላፍን ከንፈሬን ነክሻለሁ። መለኪያው ፍስስ አለ። ሐኪሙ ቁጥሩን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ። "በጣም ጥሩ ነው፤ በአንዱ ክኒን እንቀጥላለን" አለ።

ያኔ አባቴ እጁን አወረደ። "እኔ ደህና ነኝ ዶክተር" አለ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው። "አንተስ? አገር ቤት እናትህ ደህና ነው? ማን አለው አብሮት?"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ብቻዋን ናት" አለና ወንበሩን ወደ አባቴ ሳበ። ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ፣ ስለ እናቱ ጉልበት ገና እየነገረው ነበር።