ተገልብጦ የተመታው ቆርቆሮ

ባለፈው ሳምንት እናቴ ቤት መጥረጊያ ስፈልግ ከበሩ ኋላ አንድ ረጅም ሸንበቆ ተንሸራቶ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጫፉ ላይ የጃንጥላ ሽቦ በክር ተጠምጥሞ ታስሯል። ክሩ ቢጠቁርም አልላላም። አቦ፣ ይሄ ነገር እስካሁን አለ እንዴ! ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ያን ጊዜ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ብሆን ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔና እማዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ በታላቅ ወንድሟ በጋሽ ታደሰ ግቢ፣ ከጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት እንኖር ነበር። የሚያምር ግቢ ነው፤ ጥላው ብቻ ያጠግባል። ግን የሰው ነው። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ጋሽ ታደሰ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሲተኛ የስፌት መኪና ድምፅ አይወድም። የኔ ዕድሜ ድሬዎች ታውቁታላችሁ፤ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ከተማው ሁሉ ምሳውን በልቶ፣ የሚቅመውም ጫቱን ይዞ ጋደም ይላል። እማዬም እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ የደንበኛ ቀጠሮ ያልፋል። ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ እህቱ ያለ እሱ አንድ ቀን ውላ የምታድር አይመስለውም ነበር።

አንድ ቀን እማዬ «ቤት ገዛሁ» አለች። ከቀፊራ ገበያ ወዲያ፣ ጋሪ በግድ በሚያልፍበት ቅያስ ውስጥ ነው። ሄደን አየነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ እሱስ ጥሩ። ጣሪያው ግን ግማሹ የለም፤ ከውስጥ የጎረቤት ፍየሎች ይኖሩበታል። ካስወጣናቸው በኋላ እንኳ አመሻሽ ላይ እየመጡ በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር፤ ተከራዮቹ እኛ የሆንን ይመስል። ጋሽ ታደሰ ዞሮ ዞሮ አየውና «በላይነሽ፣ የስንት ዓመት ልፋትሽን ለፍየል በረት ሰጠሽው?» አላት። ከዚያም ለስለስ ብሎ «ግድ የለም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታሽ ጋሪ ይዤ እመጣለሁ። ክፍልሽን ለማንም አልሰጥም» አላት። መንገድ ላይ እማዬ እጄን ጭብጥ አድርጋ «እዚያ ግቢ ብመለስ ሰው አይደለሁም» አለች። ጣቶቼን አሳመመችኝ።

ገንዘባችን ለአናጢ የበቃው ለእንጨቱ ብቻ ነበር። የሰፈሩ አናጢ ጋሽ አደም ወራጁንና ማገሩን ሠርቶልን ሄደ። ቆርቆሮውን ከፈረሰ መጋዘን የወረደ አሮጌ ገዛን፤ አንድ ፊቱ ዝጎ ቀልቷል፣ ሌላው ፊቱ ገና ያብረቀርቃል። እማዬ ልብስ ሰፊ አይደለች? የነተበ ኮሌታ እንዴት እንደሚታደስ ታውቃለች፤ ይገለበጥና ያልተነካው ፊት ወደ ውጭ ይወጣል። ቆርቆሮውንም ገለበጠችው። ከአንድ የቀን ሠራተኛ ጋር ሆና በሁለት ቀን መትታ ጨረሰች። ከመንገድ ሲያዩት አዲስ ቤት! ጎረቤት «እንኳን ደስ አለሽ» ሲል፣ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታችን ጉራዬን ነዛሁ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ አደም ሊጠይቀን መጣና ቀና ብሎ ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ወላሂ በላይነሽ፣ ምን ጉድ ነው የሠራሽው? ምስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ውሃ በቦዩ እንዲወርድ። ስትገለብጪው የድሮው ጉብታ ቦይ ሆነ። የድሮው የምስማር ቀዳዳ ሁሉ አሁን ውሃ መሄጃው ላይ ነው።»

እንንቀለው ስትለው፣ የዛገ ስለሆነ ሲነቀል ይቀደዳል አላት። ያለው መላ ቀዳዳውን አንድ በአንድ መድፈን ነው። ክረምቱ ሊገባ ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። እማዬ ጣሪያ ላይ ወጥታ ብትፈልግ፣ ነጸብራቁ ዓይኗን እየወጋት ምንም አልለይ አላት። ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ጉራ ካላችሁትም ጉራ ይሁን። በማግስቱ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ሙቀቱን ሽሽት ጨለማው ክፍል ውስጥ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ቀና ብል ጣሪያው ሁሉ ኮከብ በኮከብ ነው። የድሬ የቀትር ፀሐይ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አያልፋትም። «እማዬ፣ እኔ ከታች አየዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሲተኛ የእኛ ሥራ ይጀምራል። እማዬ የጃንጥላ ሽቦ ሸንበቆ ጫፍ ላይ አሰረችልኝ። እሷ ከላይ እርጥብ ጆንያ አንጥፋ ትቀመጣለች፤ ጆንያው ወዲያው ይደርቃል። እኔ ከታች ሽቦውን በቀዳዳው እሰዳለሁ። «ያዝኩት!» ትላለች፤ ሬንጅ ትቀባና ከአሮጌ ጎማ ውስጥ የወጣ የካላማዳሪ ቁራጭ ትለጥፍበታለች፤ አንድ ኮከብ ይጠፋል። ሬንጁን ለማቅለጥ እሳት አላስፈለገንም፤ ቆርቆሮው ራሱ ምድጃ ነበር። ጎማውን የምትቆርጠው፣ እኔን ወረቀት እንኳ እንዳልቆርጥበት በምትቆጣኝ የስፌት መቀሷ ነው። ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት እንደ ጎማ ጠጋኝ «ጎሚስታ» የሚል ስም አወጡልኝ። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም።

ዝናቡ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ደመናው ሲከብድ እማዬ የስፌት መኪናዋን ክፍሉ መሃል አቆመችና ለደንበኛ የምትሰፋውን የሙሽራ ቤት ነጭ መጋረጃ ዘረጋችበት። «እማዬ፣ ጥግ ይሁን እንጂ!» ብላት «ጥግ የተቀመጥኩት በሰው ቤት ይበቃኛል» አለች። ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተከልኩ። እማዬ ትሰፋለች።

ጋሽ ታደሰ ቃሉን አክብሮ፣ ጋሪ አስከትሎ መጣ። ጃንጥላውን አጥፎ ከራሱ በላይ ካለ ምስማር ላይ ሰቀለና እዚያው ቆሞ ጣሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ አየ። ድንገት «ይኸው! አፈሰሰ!» ብሎ ግንባሩን ዳበሰ። እማዬ ተነሥታ ሄዳ ቀና ብላ አየችና በሳቅ ፈረሰች።

«ጋሼ፣ የራስህ ጃንጥላ እኮ ነው!»

እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ እንባ ሞላ። ነጩን መጋረጃ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፤ ደረቅ ነው። ባለጋሪው ከደጅ «ምኑን ልጫን?» ብሎ ጮኸ። «ምንም! ገብተህ ተጠለል!» አለችው እማዬ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጋሼ፣ የያዝክልኝን ክፍል አከራያት።»

ዛሬ እኔም የራሴ ቤት አለኝ፤ ኮርኒሱ ወፍራም ስለሆነ ዝናብ መዝነቡን የማውቀው በመስኮት ሳይ ነው። ለእማዬም ኮርኒስ ላስገጥምልሽ ብላት «ቀዳዳውን በምን ላየው?» ብላ እምቢ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ሸንበቆውን ይዤ ስመጣ ልክ ቀትር ነበር። «ጥሩ ሰዓት ላይ አገኘሽው» አለችና ወስዳብኝ ፍራሿ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። «ከስፌት መኪናው በላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ሰሞኑን እያየኋት ነው። በይ ውጪ።»

ጉልበቷ አሁን መሰላል አይወጣላትም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እርጥብ ጆንያ ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው ያኔ እንደነገረችኝ ይፋጃል። እነዚያ የጎማ ቁራጮች እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ተደርድረው እስካሁን አሉ። ጥቂት ቆይቶ የሽቦው ጫፍ እየተንቀጠቀጠ ከጉልበቴ አጠገብ ብቅ አለ።

«ያዝኩት!» አልኳት።