የሻኒ ግራ ዓይን

ሰኞ ኖቬምበር 14 ቀን 2022 ጠዋት አጎቴ ማንያዘዋል የአንዲት ባዝራ ጋጥ በር ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረ ነበር። ባዝራዋ ሻኒ ትባላለች፤ ግራ ዓይኗ አያይም። በሩ በቀኟ በኩል ከሆነላት የሚመጣባትን ሰው አስቀድማ ታያለች ብሎ ነው። አሮጌውን በር ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። የላይኛውን ማጠፊያ አስሯል፤ የታችኛውን አላሰረም። ልቡ ቀጥ ያለችው እዚያው ነው።

በለቅሶው ሰሞን ስለ እሱ ብዙ ተወራ። ፈረስ ረግጦት ሞተ ያሉ አሉ፤ ስህተት ነው። እዚህ እስራኤል፣ ከኔታንያ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የፈረስ ቤት የራሱ ነው ያሉም አሉ፤ አይደለም። መሬቱም በረቱም ሐይም የሚባል፣ ሞሻቭ በሚሉት የገበሬዎች መንደር የሚኖር ገበሬ ንብረት ነው። ማንያዘዋል መጀመሪያ የሐይምን ብርቱካን ይለቅም ነበር። ኋላ የሐይም ወገብ ሲደክም በረቱን ተከራይቶ የከተማ ሰዎችን ፈረሶች እያሳደረ ይኖር ጀመር። ሰዎቹ ፈረሳቸውን እሱ ጋ ይተዋሉ፤ እሱ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ሰኮናቸውን ያጸዳል፤ እነሱ ሲመቻቸው መጥተው ይጋልባሉ። «ማኒ» ይሉታል። እሱም ለምዶት፣ ስልክ ሲያነሳ «ማኒ ነኝ» ይል ነበር።

የተወለደው ወገራ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጓምና እርካብ ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች በየደጁ ፈረስ ያስሩ ስለነበር ፈረስን የለመደው ከዚያ ነው። አንድ ነገር ግን ከአባቱ ደጅ ሳይሆን ከገበያው ይዞ መጥቷል። በአገሩ ከብት የሚሸጥ ሰው የከብቱን ነውር ሳይናገር አይሸጥም። የሚሸጠው ባይናገር እንኳ ከብቱን የሚያውቅ ጎረቤት ዝም ይላል እንጂ አያመሰግንም። ገዢውም ያ ዝምታ ይበቃዋል፤ ከብቱን ትቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ማንያዘዋል ፈረስ ከሚያመጣ ሰው ጋር ውል አይጽፍም ነበር። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችው፦ «ነውሩን ንገረኝ።» ሰዎቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ኋላ ይናዘዛሉ። አንዱ ይናከሳል ይላል፤ አንዷ ፌስታል ሲበር ይደነብራል ትላለች። አንድ ጠበቃማ «የፈረሴ ነውር እኔ ነኝ፤ መጋለብ አልችልም» ብሎት፣ «አንተን አላሳድርም፤ እሱን ተወው» አለው።

ዬዲዲያ ሻኒን ያመጣት በፋሲካ ማግስት ነው። ዬዲዲያ የዘበነ ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ጨዋታ ያውቃል። ዳማዋን ባዝራ ከመኪናው ሲያወርዳት ሁላችንም ቆመን አየናት። ታምራለች።

«ነውሯን ንገረኝ» አለው ማንያዘዋል።

«የላትም።»

«ነውር የሌለበት እግዜር ብቻ ነው። ንገረኝ እንጂ።»

«ዶድ፣ እኔ የዘበነ ልጅ አይደለሁም እንዴ?» አለ ዬዲዲያ። ዶድ ማለቱ አጎቴ ማለቱ ነው፤ የሥጋ ዝምድና ግን የላቸውም። በፈረንጆች ዘጠና አንድ፣ ወደ እስራኤል የሚወስደን አውሮፕላን እስኪመጣ አዲስ አበባ ስንጠብቅ፣ ማንያዘዋል በንዳድ ሊሞት ነበር። ጀርባው ላይ አዝሎ ሐኪም ጋ ያደረሰው ዘበነ ነው። ማንያዘዋል ሌላ አልጠየቀም፤ ልጓሙን ተቀበለ።

የባዝራዋ ዓይን ያለቅሳል፣ ይደፈርሳል፣ ደግሞ መልሶ ይጠራል። ማንያዘዋል አየና ጠየቀ። «ማ ፒቶም!» አለ ዬዲዲያ፤ በዕብራይስጥ «ምን ሲባል!» ማለቱ ነው። «ዝንብ ነው።» እሱም ዝንብ ማባረሪያ ጭምብል ገዝቶ አለበሳት። በበጋው አጋማሽ ድርቆሽ ተሸክሞ በግራዋ በኩል ሲገባ አላየችውም፤ ድምፁ ሲደርሳት በርግጋ ከግድግዳው ጋር ጨፈለቀችው። ጎድኑ ተሰበረ። የእንስሳት ሐኪሙ ዓይኗን ሊያይ መጣ፤ ገና ከበሩ ላይ ሆኖ «ይችን አውቃታለሁ» አለ። ባለፈው ዓመት በሌላ በረት አክሟታል፤ ዓይኑ እየመጣ የሚሄድ ቁስል እንዳለውና ውሎ አድሮ እንደሚጠፋ ለዬዲዲያ በአፉ ነግሮታል።

ዬዲዲያ ግን አስቀድሞ ለሌሎቹ ባለፈረሶች ሌላ ነገር ነግሯቸው ነበር፦ ሻኒ ስትመጣ ደህና ነበረች፤ ዓይኗን ያጠፋው የማኒ በረት ቆሻሻ ነው። ሁለት ሰዎች ፈረሳቸውን ይዘው ወጡ። ማንያዘዋል ጎድኑን በጨርቅ እንደታሰረ ለዬዲዲያ ደወለ። «ባዝራህን ውሰድ» አለው። ሲቆጣ ቃል ያጥረዋል።

ዘበነ ሽማግሌ ላከ።

እዚህ ላይ ብዙዎች አጎቴን ይወቅሱታል፤ ለምን ፖሊስ ወይም ጠበቃ ጋ አልሄደም ይላሉ። ያዘለው ሰው ሽማግሌ ሲልክበት እንዴት እምቢ ይላል? ሄደ። ዶራ ሰፈር፣ ዘበነ ቤት፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ አባባ ፀጋው መሐል ተቀምጠዋል። ዬዲዲያ እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። ድንጋዩ ከመንገድ ዳር የተነቀለ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ነው።

«ምንድር ነው የተሸከምኸው?» አሉ አባባ ፀጋው።

«ድንጋይ ነዋ፣ አባባ።»

«ይኼ ድንጋይ አይዶለም፣ የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው። ለአንዱ ዕርቅ ስንቀመጥ በሌላ ልትከሰስ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማንያዘዋልም ጎድኑን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ነገሩን አለሰለሰው። ዬዲዲያ ተንበረከከ፤ «ዓይኗ ከጥንትም የታመመ ነው፤ ዋሽቻለሁ» አለ፤ እግር ስሞ ተነሳ። አባባ ፀጋው እጃቸውን ዘረጉ። «ነገሩ ዛሬ ተቀበረ። ያነሳው ሰው ከኛ አይዶለም።» ማንያዘዋል «ሁለተኛ ላላነሳው» ብሎ ማለ፤ ሻኒም እሱ ጋ ቀረች።

ዬዲዲያ ያመነው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። የእምነቱ ቃል ከዚያ ቤት አልወጣም። የሄዱት ሁለት ሰዎችም አልተመለሱም።

ሐጊት ነቬ ኢታማር የሚባለው የኔታንያ ሰፈር ሴት ናት፤ ልጇ ሊኢል አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ልጅቷ በየሳምንቱ እየመጣች የሐይምን ሽማግሌ ፈረስ ትጋልብ ነበር። ሻኒን ካየች በኋላ ሽማግሌውን ዞር ብላም አላየችው። ዬዲዲያ ይህን አየ፤ ባዝራዋን ሊሸጥላቸው ተስማማ። ማንያዘዋል ሲሰማ ዬዲዲያን ከመኪናው አጠገብ ያዘው።

«ዓይኗን ነገርሃታል?»

«የቱን ዓይን?»

«ዬዲዲያ!»

«ዶድ፣ ታርቀናል እኮ። ተቀብሯል አልተባለም እንዴ? አንተ ነህ የማልኸው፤ እኔ አይደለሁም የማልሁት።» ፈገግ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ልጅቷም ደስ ብሏታል፣ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ፈረሷም አንተው ጋ ናት። ምን ጎደለ?»

ሐጊት ከመክፈሏ በፊት ማንያዘዋልን ፊት ለፊት ጠየቀችው። «ማኒ፣ አንተ ታውቃታለህ። ጥሩ ፈረስ ናት?» እሱ ባልዲውን አስቀመጠ። መሬት መሬት አየ። መልስ አልሰጠም። ያን ያህል ዝም ካልሁ ይበቃታል ብሎ ነበር፤ ኋላ እንደዚያ ብሎ ነገረኝ። በወገራ ገበያ ቢሆን ሴትዮዋ ገንዘቧን ቋጥራ ትመለስ ነበር። ሐጊት ግን እዚሁ አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። ዝምታውን ዓይን አፋርነት ነው አለች። ሳቅ ብላ «አንተ እኮ ማሞገስ አትወድም» አለችውና ገዛቻት።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ሳስበው ይከብደኛል። ሊኢል በመጣች ቁጥር ማንያዘዋል ሥራውን ጥሎ ከባዝራዋ በስተግራ ይሄዳል፤ በራሱ አካል ዓይን ሊሆናት። ልጅቷን ብቻሽን ከአጥሩ አትውጪ ይላታል። «ለምን?» ስትለው «መንገዱ ጥሩ አይደለም» ይላታል። መንገዱ ደህና ነበር። ውሸት የማያውቅ ሰው ውሸት ጀመረ። ቤታችን ሲመጣ ምግብ ይቀርብለታል፤ ይነካካውና ይተወዋል።

«ንገራት» አልሁት።

«ምያለሁ።»

«ልጅ ናት፣ አጎቴ።»

«ለዚያም ነው እንቅልፍ ያጣሁ።»

በመጨረሻ መሐላውን እንዲፈቱለት አባባ ፀጋው ዘንድ ሊሄድ ወሰነ። የሄደው የኪፑር የስርየት ጾም በዋለ ማግስት ነው። አዛውንቱ ቡናቸውን እየጠጡ ሰሙት፤ ስኒውን አስቀመጡት።

«ማንያዘዋል፣ ልጄ፣ እኛ የቀበርነው ጠቡን ነው። ዓይንህን ነው እንዴ የቀበርነው? እውር ፈረስ ላይ ልጅ ሲወጣ ዝም በል ያለህ ማን ነው?»

«ያነሳው ከኛ አይደለም ብለዋል።»

«ለቂም ያነሳው ብያለሁ! ምነው ያን ጊዜውኑ ብትጠይቀኝ?» «ሂድ፣ ዛሬውኑ ንገራት» አሉት።

አመስግኖ ወጣ። አውቶቡስ ላይ ሳለ ሐይም ደወለለት። ልጅቷ ማንያዘዋል በሌለበት ሻኒን ጭና ከአጥሩ ወጥታለች። በግራ በኩል ትራክተር መጣ። ባዝራዋ ያላየችው ነገር ጆሮዋ ላይ ሲጮህባት ወደ ጎን ዘለለች፤ ሊኢል ወደቀች።

ክርኗ ተሰበረ፤ በብረት ታሰረ። ክንዷ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ሞታለች ያሉ ነበሩና ይህም ይታረም።

ማንያዘዋል ከአውቶቡሱ ወርዶ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐጊት ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ነገር አላዞረባትም፦ «ግራ ዓይኗ አያይም ነበር» አላት።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ከመግዛትሽ በፊት።»

ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ መሐላው ሊያስረዳት ሞከረ። በዕብራይስጥ ሲናገረው ነገሩ ከእጁ ላይ እንደ አመድ በነነ፤ ለራሱም የማይረባ ሆኖ ተሰማው።

«እኔ ልጄን የሰጠሁት ለአንተ ነው» አለችው ሐጊት። «ለሽማግሌዎችህ አይደለም። ያ ሰውዬ ሌባ ነው፤ ከሌባ ምን እጠብቃለሁ? አንተ ግን ማኒ ነበርህ።»

ባዝራዋን አልፈልጋትም ብላ ትታለት ሄደች። ዬዲዲያ ስልክ አያነሳም። ዘበነ ሊያነጋግረው በረቱ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱ ድርቆሹ ላይ ተቀምጠው ብዙ ዋሉ፤ ስለ ዬዲዲያ ግን አንዱም አላነሳም። ኋላ አጎቴ ሲሞት ዬዲዲያ ለቅሶ ደርሷል። «እንደ አባቴ ነበር» አለ፤ ጥሩ አድርጎ አለቀሰም። ሰው ውሃ አቀበለው። እኔ አላቀበልሁትም።

አጎቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖረም። ፈረስ ሊያሳድሩ የሚመጡ አዳዲስ ሰዎች ነበሩ። ማንያዘዋል ነውሩን ንገረኝ የሚለውን ጥያቄ ተወው፤ ሐኪም ሳያይልኝ አልቀበልም ይላቸው ጀመር። ትክክለኛው አሠራር ያ ነው፤ ለዓመታት እኔም ስወተውተው የኖርሁት ያንን ነበር። ሲያደርገው ሳየው ግን ደስ አላለኝም።

እሑድ፣ ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን፣ የሊኢልን የራስ ቁር ይዞ ነቬ ኢታማር ሄደ። የወደቀች ዕለት ሐይም ከመንገዱ ላይ አንስቶ በረቱ ውስጥ ሰቅሎት ነበር። ማንያዘዋል አጥቦ ማሰሪያውን ሰፍቶታል። በሕንፃው በር ላይ ደወለ። በኢንተርኮሙ ሐጊት «እታች ተወው» አለች። ሊሄድ ሲል ግን ልጅቷ ራሷ ወረደች፤ ክንዷ እንደታሰረ ነው። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ለቅሶ ልትደርስ በመጣች ጊዜ።

«ሻኒ እንዴት ናት?» አለችው።

«ግራ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ከእንግዲህ አይመለስም» አላት። «ቀኙ ደህና ነው። ከግራ ሲመጡባት ትደነግጣለች፤ በአፍ እየጠሩ መጠጋት ነው። ልጅ አይውጣባት።»

«መጥቼ ልያት?»

«እናትሽን ጠይቂ። ከፈቀደችልሽ ነይ።»

የራስ ቁሩን በደህናው እጇ ተቀበለችው። ማንያዘዋል በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ፤ ከዚያ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ። ሰፈሩ ኪርያት ኖርዳው ሲደርስ ከሱቁ ዳቦና ወተት ገዝቶ ቤቱ ገባ።